ከእምቦጩ በፊት የነበረው አረንጓዴ

ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ከጣና ዳር የቆመ ሰው አንድ ነገር ያያል። ክረምቱን ሙሉ ወተት የገባበት ቡና መስሎ የከረመው ውሃ ጠርቷል። ግን ሞገድ ወደ ዳር የገፋው ጥግ ላይ፣ ጎመን ተፈጭቶ የተበተነበት የሚመስል አረንጓዴ ሽፋን ተንሳፍፏል። ሲነኩት ቅጠል አይደለም። ሥርም ግንድም የለውም። ጥቃቅን ፍንጣቂ ነው፤ እጅ ሲወጣ ቀለም ይዞ ይወጣል።

ይህንን አይቼ አንድ ዕድሜ ጠገብ አሳ አስጋሪ «አያ፣ ይሄ ደግሞ የእምቦጭ ዘር ነው እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁብኝ። «እምቦጭማ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው ልጄ። ይሄ እኔ ልጅ ሆኜም ነበር። ውሃው ሲጠራ ነው የሚመጣው» አሉኝ።

ውሃው ሲጠራ ነው የሚመጣው። ይህች ዓረፍተ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። እኛ የተማርነው ቆሻሻ ውሃ ነው በሽታ የሚያመጣው፣ ጥሩ ውሃ ጤና ነው እያልን ነው። ታዲያ ይሄ አረንጓዴ ነገር ለምን ውሃው ድፍርስ ሳለ ተደብቆ፣ ሲጠራ ብቅ ይላል? መልሱን ስፈልግ ብዙ ወራት ፈጀሁ። ያገኘሁት ከጣና የሚሰፋ ታሪክ ሆነ። ከካርቱም እስከ ቢሾፍቱ፣ ከስዊድን እስከ ካሊፎርኒያ በረሃ ይሄዳል፤ የአገራችን ልጆችም በታሪኩ ውስጥ ትልቅ ቦታ አላቸው። ዛሬ እሱን ልንገራችሁ። (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

መጀመሪያ ማንነቱን እናውጣ። ስሙ ሲያኖባክቴሪያ ይባላል። ድሮ «ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ» ይሉት ነበር፤ ዛሬም ብዙ ሰው እንዲያ ይለዋል። ግን አልጌ ሳይሆን ባክቴሪያ ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች የሰውን ወይም የሞተ ነገርን ሲመገቡ እሱ እንደ ተክል ብርሃን እየበላ ይኖራል። ከሁለት ቢሊዮን ዓመት በፊት ይህችን ምድር ኦክስጅን ያለበስናት እኛ ነን ማለት ቢችል ውሸት አይሆንበትም። ዛሬ የምንተነፍሰው አየር የተጀመረው በእነዚህ ፍጥረታት ነው። ጣና ላይ በብዛት የሚታየው ዘር ማይክሮሲስቲስ ይባላል። ሕዋሶቹ በንፍጥ መሰል ነገር ተያይዘው በቅኝ ይኖራሉ፤ በዓይን የሚታየው ያ ፍንጣቂ አንድ ሕዋስ ሳይሆን ብዙ ሺህ የሚኖሩበት መንደር ነው።

ብርሃን የሚበላ ፍጥረት ታሪኩ የብርሃን ታሪክ ነው። ይህን ነገር በመጀመሪያ በጥንቃቄ የመረመሩት ጀርመኖች ናቸው። ቴዎዶር ኤንግልማን የሚባል የሰውነት አሠራር ተመራማሪ በ1880ዎቹ መጀመሪያ አንድ ብልህ ሙከራ ሠራ። የብርሃንን ቀስተ ደመና በአንዲት ቀጭን የአልጌ ክር ላይ ዘረጋና ኦክስጅን የሚወዱ ባክቴሪያዎችን ለቀቀባት። ባክቴሪያዎቹ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን ወዳረፈበት ቦታ ተሰበሰቡ። አልጌዋ ኦክስጅን የምታወጣው፣ ማለትም ምግቧን የምትሠራው፣ በየትኛው የብርሃን ቀለም እንደሆነ በሕያው ፍጡር ጣት ጠቆመ ማለት ነው። ትንሽ ቆይቶ በርሊን በነበረው ቤተ ሙከራው ጋይዱኮቭ የሚባል ሩሲያዊ በ1902 ሌላ ነገር አሳተመ። ሲያኖባክቴሪያን በተለያየ ቀለም ብርሃን ሥር አሳደገ። አረንጓዴ ብርሃን ሥር የከረሙት ወደ ቀይ አደሉ፤ ቀይ ብርሃን ሥር የከረሙት ሰማያዊ አረንጓዴ ሆኑ። የሚደርሳቸውን ብርሃን ለመያዝ የሚያመቸውን ቀለም ራሳቸው ሠሩ።

ቀለሙ ጌጥ አይደለም፤ የምግብ መሰብሰቢያ ነው። ክሎሮፊል አለ፣ እሱ ሁሉም ተክል ያለው ነው። ሲያኖባክቴሪያ ግን በተጨማሪ ፋይኮሳያኒን የሚባል ሰማያዊ ቀለም፣ አንዳንዱም ፋይኮኤሪትሪን የሚባል ቀይ ቀለም ይሠራል። እነዚህ ክሎሮፊል የማይዘውን፣ በብርቱካንማና በአረንጓዴ መካከል ያለውን ብርሃን ይለቅማሉ። ጨለማ ቤት የሚኖር ሰው መስኮት እንደሚያበዛ ሁሉ፣ ብርሃን ሲያንስ ሕዋሱ ቀለሙን ያበዛል፤ ጠቆር ይላል። ብርሃን ሲበዛ መስኮቱን ይዘጋል፦ ክሎሮፊሉንና ሰማያዊ ቀለሙን ቀንሶ፣ ካሮት ቀለሟን ያገኘችባቸውን ዓይነት ቢጫና ብርቱካንማ ቀለሞች እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል። ብርሃን ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ምግብ መሥሪያው ራሱ ይቃጠላል። ስለዚህ የአንድ ሐይቅ ቀለም ምን ያህል ብርሃን እንደገባበት የሚናገር መጽሐፍ ነው፤ ማንበብ ለሚችል።

ማንበብ የቻሉ ሰዎች ወደ እኛ አካባቢ የመጡት በአባይ በኩል ነው። ጁሊያን ርዞስካ የሚባል ፖላንዳዊ በካርቱም ዩኒቨርሲቲ የውሃ ሕይወት ምርምር ክፍል አቋቁሞ ነበር። በ1950ዎቹ ጃክ ታሊንግ የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ ተቀላቀለው። ሥራቸው ቀላል ይመስላል፦ ከእኛ የሚሄደውን አባይ በየጊዜው መቅዳት፣ ውስጡ ያለውን መቁጠር። በ1967 ያሳተሙት ጽሑፍ ግን የዚያን ሽማግሌ ዓረፍተ ነገር በሳይንስ ቋንቋ የተናገረ ነው። ጎርፉ ከኢትዮጵያ ደጋ አፈር ተሸክሞ ሲወርድ፣ ውሃው ውስጥ ብርሃን ስለማይገባና ወንዙም ስለሚፈጥን ምንም አያድግም። ጎርፉ አልፎ፣ በ1925 በተሠራው የሰናር ግድብ ውሃው ቆሞ አፈሩ ሲዘቅጥ፣ ውሃው ይጠራል። ያኔ መጀመሪያ አንድ ዓይነት አልጌ፣ ከዚያ አናቤና የሚባል ሲያኖባክቴሪያ በብዛት ይፈላል። ምግቡ አብሮ የመጣ ነው፤ የጎደለው ብርሃን ነበር።

ታሊንግ ከዚህ በኋላ እንግሊዝ አገር ዊንደርሚር ሐይቅ ዳር ወዳለ የምርምር ተቋም ገባ። ኢትዮጵያን ግን አልረሳም። በ1960ዎቹ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባክስተር፣ ፕሮሰርና ውድ የሚባሉ መምህራን የቢሾፍቱን የእሳተ ገሞራ ሐይቆች እየለኩ ነበር። ከነሱ አንዱ ሐይቅ ስሙ ራሱ «አረንጓዴ» ነው፤ በኦሮምኛ ሐሮ ሐዶ ይባላል። ሌላው ቂሎሌ ነው። ሁለቱም ሶዳ የበዛባቸው፣ ውሃቸው ሳሙና ሳሙና የሚል። በውስጣቸው ማይክሮሲስቲስ ሳይሆን ሌላ ሲያኖባክቴሪያ ነበር፦ ዓለም ስፒሩሊና ብሎ የሚያውቀው፣ እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠመዘዘ ክር።

ታሊንግና ሦስቱ መምህራን በ1973 በአንድ የእንግሊዝ መጽሔት ላይ ያወጡት ጽሑፍ በዓለም የውሃ ሳይንስ ውስጥ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ጥያቄያቸው ይህ ነበር፦ ምግብም ሙቀትም ፀሐይም ሳይጎድል፣ አንድ ሐይቅ ቢበዛ ቢበዛ ምን ያህል ሊያመርት ይችላል? ጣሪያው የት ነው? ጣሪያውን ለማየት ጣሪያው ጋ የደረሰ ሐይቅ ያስፈልጋል፤ እሱን ያገኙት ቢሾፍቱ አጠገብ ነው። አረንጓዴ ሐይቅ ውስጥ ፍጥረቱ እጅግ ከመብዛቱ የተነሳ ብርሃን ከአንድ ሜትር ባነሰ ጥልቀት ውስጥ አልቆ ይጨልማል። እስከዚያ ጊዜ በተፈጥሮ ሐይቅ ላይ ከተለኩት ምርቶች ሁሉ ከፍተኛው ተርታ ላይ የሚቀመጥ ቁጥር አገኙ። ጣሪያውን የሠራው ግን የምግብ እጥረት አልነበረም። እርስ በርስ መጋረዳቸው ነበር። ከላይ ያለው ከታች ያለውን ያጨልምበታል። ከዚህ በላይ ቢበዙ ጥላው ይበዛል እንጂ ምርቱ አይጨምርም።

ይህን ሳነብ ገረመኝ። እኔ ቢሾፍቱን የማውቀው በሪዞርትና በእሬቻ ነው፤ ብርሃን በውሃ ውስጥ የት ድረስ ሕይወት መሥራት እንደሚችል የተለካበት ቦታ መሆኑን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ትምህርት ቤት የተማርነው ፎቶሲንተሲስ ምሳሌው ሁሉ ከፈረንጅ አገር ነበር።

በነገራችን ላይ ቂሎሌ ዛሬ ያ ሐይቅ አይደለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ የሞጆ ወንዝ ተጠልፎ ለመስኖ ሲባል ወደ ሐይቁ እንዲገባ ተደረገ። የወንዙ ውሃ ሶዳውን አቀጠነው፤ ሶዳ ካልበዛበት የማይኖረው ስፒሩሊናም ሄደ። የአገራችን ተመራማሪ ብሩክ ለማ ይህን ለውጥ በ1990ዎቹ መዝግቦታል። ሐይቁ ሳይደርቅ፣ ውሃውም ጨምሮለት ሳለ፣ የነበረው ሐይቅ ጠፋ። ውሃ መኖሩን ብቻ የሚቆጥር ሰው ምንም አልጎደለም ይላል።

ከእነዚያ የውጭ መምህራን ቀጥሎ የመጣው ትውልድ የእኛው ነው። አምሃ በላይ በእንግሊዝ አገር ዌልስ ውስጥ፣ በሲያኖባክቴሪያ ጥናት ስመ ጥር ከነበረው ፎግ ጋር ሆኖ በ1978 ስለ ብርሃን ጉዳት አሳተመ፤ በ1981 ደግሞ ለብቻው። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ ሐይቅ ላይ ሲለካ፣ ብርሃን በብዛት ያለው ላይኛው ገጽ ላይ ሆኖ ሳለ፣ ምርቱ ግን እዚያ ዝቅ ብሎ ጥቂት ወረድ ካለ ቦታ ላይ ለምን ከፍ ይላል? ውሃው ላይ ተቆልፎ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው ሕዋስ ይጎዳል፤ ውሃው እያገላበጠው አንዴ ላይ አንዴ ታች የሚል ግን በጥላው ያገግማል። ከዚያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ከውድ ጋር አምስት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን፣ ከደመቀ ክፍሌ ጋር ደግሞ የሐዋሳን ሐይቅ ብርሃንና ምርት አጠና፤ የሐዋሳው በ1990 ታተመ።

ቀጥሎ ያለው ነገር ለእኔ የታሪኩ መራራና ጣፋጭ ክፍል ነው። አምሃ ወደ አሜሪካ ሄደ። በካሊፎርኒያ ኢምፔሪያል ሸለቆ በረሃ ውስጥ ኧርዝራይዝ የሚባል ድርጅት ስፒሩሊናን በትላልቅ ገንዳ ያመርታል፤ የሳይንሱን ሥራ ለረጅም ዓመታት የመራው እሱ ነው። በ1997 የዚያን እርሻ ልምድ ዝርዝር ጽፎ አሳትሟል፤ በዚህ ሙያ ላይ ያለ ሰው ሁሉ የሚያገላብጠው ምዕራፍ ነው። የገንዳው ጥበብ ዋናው ነገር ብርሃን ነው። ውሃው ጥልቀት የለውም፤ መቅዘፊያ ቀን ከሌት ያማስለዋል፣ እያንዳንዱ ክር በየተራው ብርሃን እንዲያገኝና በየተራው ከብርሃን እንዲያርፍ። ከበዛ ይጋረዳል፤ ካነሰ ይቃጠላል። አረንጓዴ ሐይቅና የሐይቅ ገጽ ያስተማሩት ነገር ፋብሪካ ሆነ፤ ፋብሪካው ግን እኛ ጋ አልነበረም። ከእኛ ሐይቅ በነፃ የሚፈላው ዓይነት ነገር በብልቃጥ ታሽጎ ከውጭ ይመጣል፣ እኛም በፋርማሲ በውድ ዋጋ እንገዛዋለን።

ጠቃሚነቱን ያወቅነው ፈረንጅ ሲነግረን ነው እንዳትሉ ደግሞ፣ አፍሪካ ቀድማ ታውቀው ነበር። ቻድ ሐይቅ አጠገብ የካነም ሴቶች ከኩሬ ገፍፈው፣ አሸዋ ላይ አድርቀው፣ ዲሄ ብለው በወጥ ይበሉታል። ሜክሲኮዎችም ስፔኖች ሳይመጡ ይበሉት ነበር። እኛ ጋ የሚበላው ፍላሚንጎ ነው። ከሻላ አጠገብ ያለችው ጭቱ ሐይቅ በስፒሩሊና የተሞላች ናት፤ የፍላሚንጎው ሮዝ ቀለም ከዚሁ ምግብ ከሚያገኘው ጃንጥላ ቀለም የመጣ ነው።

ጭቱን ካነሳሁ ኤልሳቤጥ ከበደን ማለፍ አልችልም። እሷ ከዚያች ሐይቅ ስፒሩሊናውን ለይታ ስዊድን ኡፕሳላ ድረስ ወስዳ፣ በተለያየ የብርሃን ልክ ሥር አሳደገችው። በ1996 ከጉኔል አልግሬን ጋር ያሳተሙት ጽሑፍ የኢትዮጵያን ስፒሩሊና የብርሃን ፍላጎት በቁጥር ያስቀመጠ ነው፦ ብርሃን ሲጨምር እድገቱ እስከ አንድ ልክ ይጨምራል፣ ከዚያ ይቆማል። ይህ ነገር ዛሬ ገንዘብ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2013 ከስፒሩሊና የሚወጣው ሰማያዊ ቀለም ከረሜላና ማስቲካ ላይ እንዲገባ ፈቀደ፤ ያ ቀለም ፋይኮሳያኒን ነው። ሰማያዊ ቀለም የፈለገ ገበሬ ብርሃኑን መጠን ማሳነስን ማወቅ አለበት፣ ክብደት የፈለገ ደግሞ ማብዛቱን።

አሁን ወደ ጣና ልመለስ።

ጣናን የለካው ሰው ብዙ ነው። ምኒልክ በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ውስጥ ጣና አለ፦ ያለ ስምምነት ሐይቁና አባይ ላይ የውሃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ። በ1920 እና 1921 ግራብሃምና ብላክ የሚባሉ የእንግሊዝ መልእክተኞች መጡ። ዳንግላ የነበረው ቆንስል ቺዝማን ደሴቶቹን አንድ በአንድ እየዞረ በ1936 መጽሐፍ አወጣ። ጣሊያን አገሪቱን በያዘ ማግስት፣ በ1937፣ በጂዮቶ ዳይኔሊ የሚመራ ትልቅ የጥናት ቡድን ላከ፤ ውጤቱም በሮም በብዙ ጥራዝ ታተመ። እንግሊዞቹ ሁሉ የፈለጉት አንድ ነገር ነው፦ ስንት ውሃ አለ? ጣሊያኖቹም የያዙትን ንብረት የሚቆጥር ሰው ዓይን ይዘው ነው የመጡት። ቢሆንም እውነቱን ለመናገር የውሃውን ሕይወት በመጽሐፍ ያስቀመጡልን ቀዳሚዎቹ እነሱ ናቸው፤ ብሩኔሊና ካኒቺ የጻፉት የሥነ ሕይወት ክፍል በ1940 ወጥቷል።

ብርሃኑንና ምርቱን ዓመቱን ሙሉ ተከታትሎ የለካው ግን የባሕር ዳር ሰው ነው። አያሌው ወንዴ ከስዩም መንግሥቱ፣ ከሆላንዳዊው ፋይቨርበርግና ከእሸቴ ደጀን ጋር በ2007 ያሳተመው ጽሑፍ ርዕሱ ራሱ የምግብና የውሃ ጥራት ጉዳይ ነው። ጣና ሰፊ ነው፣ ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 14 ሜትር። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በክረምት ደለል ይሞሉታል፤ ነፋስም ከሥር ያነሳዋል። ስለዚህ በክረምት ሐይቁ ምግብ ሞልቶት ጨለማ ውስጥ ነው። ከፍተኛው ምርት የተለካው ክረምት ከወጣ በኋላ፣ በጥቅምትና ኅዳር አካባቢ ነው፤ ያኔ ማይክሮሲስቲስ የሚፈላበት ጊዜ ነው። ሽማግሌው ያሉኝ ማለት ነው፣ ቃል በቃል።

ለምን ሌላው ሳይሆን ማይክሮሲስቲስ? ሕዋሱ ውስጥ አየር የያዙ ጥቃቅን ከረጢቶች ስላሉት ይንሳፈፋል። ብርሃን ሲያጣ ወደ ላይ ይወጣል፤ ብርሃን ሲጠግብ የሠራው ስኳር ያከብደውና ይወርዳል። ድፍርስ ውሃ ውስጥ እንደዚህ ሽቅብ መውጣት የሚችል የሌላውን ድርሻ ይበላል። በ1895 ክሌባን የሚባል ጀርመናዊ አየር መሆኑን ያረጋገጠበት መንገድ ደስ ይለኛል፦ ተንሳፋፊውን በጠርሙስ እስከ አፉ ሞላ፣ ቡሽ ወተፈ፣ ቡሹን በመዶሻ መታው። ግፊቱ ከረጢቶቹን አፈነዳቸው፤ አረንጓዴው ሁሉ ወደ ታች ሰመጠ። ነፋስ በሌለው ማለዳ ላይ ግን ተንሳፋፊው ሁሉ በአንድ ጊዜ ገጹ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ፀሐይ ትወጣለች፣ ይቃጠላል። ሲሞት ሰማያዊ ቀለሙ ወደ ውሃው ይፈሳል፤ ድንጋይ ላይ ቱርኩዋዝ ቀለም የተቀባ የሚመስል እድፍ አይታችሁ ከሆነ እሱ ፋይኮሳያኒን ነው። ከረሜላው ላይ ያለው።

ችግሩ ግን ከቀለሙ ጋር ሌላም ነገር መፍሰሱ ነው። ማይክሮሲስቲስ ከሚሠራቸው ነገሮች አንዱ ማይክሮሲስቲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ነው፤ ሁሉም ዘሩ አይሠራም፣ ብዙው ግን ይሠራል። የፖላንድ ተመራማሪዎች በ2015 ባሳተሙት ጥናት ጣና ላይ መርዙን የሚያመርቱት ዓይነቶች መኖራቸውን አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ልክ በሊትር 1 ማይክሮግራም ነው፣ ማለትም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ። ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ ማፍላት አያጠፋውም። ሕዋሱን ይሰብረዋል እንጂ መርዙን አይሰብረውም፤ እንዲያውም ያወጣዋል። የባሕር ዳር ቧንቧ የማይደርስባቸው፣ በማድጋ ከሐይቁ ቀድተው የሚጠጡ የዳር ቀበሌዎች አሉ። «አፍልተን ነው የምንጠጣው» የሚል እናት ለኮሌራ ልክ ናት፤ ለዚህ ግን ልክ አይደለችም። አረንጓዴው የተከማቸበትን ጥግ ትቶ፣ ነፋስ ከሚመጣበት በኩል ካለ ንጹሕ ቦታ መቅዳት፣ ከብትንም ከዚያ ማጠጣት ትልቅ ልዩነት አለው። ይህን የሚነግራቸው ሰው ግን እስካሁን አላየሁም።

አሁን አስቸጋሪው ነገር። ጣናን እስከ ዛሬ የእነ ጭቱ ዓይነት ሾርባ እንዳይሆን የያዘው አንዱ ነገር ያ የምንረግመው ደለል ነው። ጥላ ነው። እኛ ደግሞ ተራራውን እርከን እየሠራን ደለሉን ልንቀንስ ነው፤ ደግ ሥራ ነው፣ ለገበሬው ከዚህ የሚበልጥ የለም፣ ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ የሚመጣውን ፎስፈረስም ያስቀራል። ግን ከተማው ከየሆቴሉና ከየቤቱ ወደ ሐይቁ የሚለቀው ፍሳሽ በእርከን አይያዝም። የፎገራ ሜዳ ማዳበሪያም ሟሙቶ የሚወርድ ነው። ደለሉ ቀንሶ ምግቡ ከቀጠለ፣ ውሃው ሲጠራ የሚመጣው በብዛት ይመጣል። ብርሃን ከፍተን ማዕዱን አላነሳንም ማለት ነው።

ስለ እምቦጩም እንደዚሁ ነው። እምቦጭ በ2011 ጣና ላይ መታየቱ ከታወቀ ወዲህ ሕዝቡ በእጁ እየነቀለ፣ ማሽን እየተገዛ፣ ገንዘብ እየተዋጣ ነው። እኔም አዋጥቻለሁ፤ ይነቀል። ግን እምቦጭና ይሄ አረንጓዴ አንድ ማዕድ ላይ የተቀመጡ ባላንጣዎች ናቸው። እምቦጭ በተነጠፈበት ሥር ጨለማ ነው፣ ማይክሮሲስቲስ አይገባም። እምቦጩ ተነቅሎ ምግቡ እዚያው ከቀረ፣ ብርሃኑ ለቀጣዩ ይከፈታል። አንዱን አረንጓዴ በሌላው መለወጥ ጣናን ማዳን ተብሎ ሪፖርት ሲደረግ ማየት አልፈልግም። በሰልፍ የማይነቀል፣ በፎቶ ጀግና የማያደርግ ስለሆነ ነው መሰለኝ ይሄኛው የሚረሳው።

ደግነቱ የሚበላው አለ። የቀረሶ ሆድ አሲዱ እጅግ ኃይለኛ በመሆኑ ሌላው አሳ የማይፈጨውን ሲያኖባክቴሪያ ይፈጫል፤ ይህን ሞሪያርቲ የሚባል ተመራማሪ በ1970ዎቹ ኡጋንዳ ጆርጅ ሐይቅ ላይ አረጋግጧል። ቀረሶ ዘር በሚጥልበት ጊዜ መረብ የሚዘረጋ ሰው እነዚህን ሎሌዎች ነው የሚፈጃቸው።

ብርሃንን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በ1865 አንጄሎ ሴኪ የሚባል የካቶሊክ ቄስና የሥነ ፈለክ ሊቅ በጳጳሱ መርከብ ተሳፍሮ ነጭ ሳህን በገመድ ወደ ባሕር አወረደ፤ ሳህኑ ከዓይን እስኪሰወር ያለውን ገመድ ለካ። ዓለም እስከ ዛሬ የሚጠቀመው በዚሁ ነው። ባለፈው ነሐሴ እኔም የቀለም ጣሳ ክዳን ነጭ ቀብቼ፣ ሚስማር አስሬ፣ ከእኚያው አያ ጋር በደንገል ታንኳ ወጣሁ። አንድ ክንድ ሳይሞላ ጠፋ። «ይሄን ለማወቅ ነው የመጣኸው?» ብለው ሳቁ። ክዳኑን ግን እንድመልስ አልፈለጉም፤ ታንኳቸው ላይ አኖሩት።

ጥቅምት ውስጥ ስልክ ደወሉልኝ። ሰላምታም አላስረዘሙ። «ዛሬ ሁለት ክንድ ከስንዝር ሆነ፤ ዳሩም ጀምሮታል» አሉኝ።